ከግቢ ወጥቶ የሰፈር ውይይት ማካሄድ፦ ከመጀመሪያው ደብዳቤ እስከ ሦስተኛው ጉብኝት

ከዩኒቨርሲቲ የሰላም ጥናት ማዕከል ወጥተው ቀበሌ ውስጥ ውይይት የሚያካሂዱ ቡድኖች የሚወድቁት ሁሌም በአንድ መንገድ ነው ማለት ይቻላል። አዳራሽ ይሞላል። ባነር ይሰቀላል። ሦስት ሰው ንግግር ያደርጋል፣ ሽማግሌ ይመርቃል፣ ለስላሳ ይጠጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ሪፖርት ይገባል። በሁለተኛው ሳምንት ሰፈሩ እዚያው ነው፤ የተኳረፈው እንደተኳረፈ።

እኔም ሁለት ጊዜ እንዲሁ ወድቄያለሁ። ይህን የምጽፈው ለተማሪዎች፣ ለወጣት መምህራንና አብረዋቸው ለሚሠሩ የሰፈር በጎ ፈቃደኞች ነው። ጅማን እያሰብኩ ነው የምጽፈው፤ ሌላ ከተማ ያላችሁ ቀኑንና ቋንቋውን እየቀየራችሁ ተጠቀሙበት። አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ያዙ፦ የውይይቱ ጠዋት የሥራው ትንሹ ክፍል ነው። ዋናው ሥራ ከዚያ በፊት ቤት ለቤት መዞሩና ከዚያ በኋላ መመለሱ ነው።

ከመነሳታችሁ በፊት

የሚከተሉት ከሌሏችሁ አትጀምሩ።

- ቢያንስ ሦስት ወር ጊዜ። አንድ ሳምንት ብቻ ካላችሁ ሌላ ሥራ ፈልጉ።
- አራት ወይም አምስት ሰው። ከመካከላቸው ሴቶች ይኑሩ፤ ቢያንስ ሁለቱ አፋን ኦሮሞ ጥርት አድርገው የሚናገሩ ይሁኑ።
- አንድ ቋሚ የማዕከሉ ባልደረባ። ተማሪ ሴሚስተር ሲያልቅ ይሄዳል፤ ሰፈሩ ስልክ የሚደውልለት ሰው ግን መቅረት የለበትም።
- ለቡና፣ ለቆሎ፣ ለዳቦና ለባጃጅ የሚሆን ትንሽ ብር። ብዙ ብር ካላችሁ ይልቅ ፍሩ። ለምን እንደሆነ ደረጃ 6 ላይ እነግራችኋለሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ መፈክር «እኛ ማህበረሰቡ ውስጥ ነን» የሚል ነው። በማህበረሰብ ተኮር ትምህርቱም ተማሪዎች ወደ ሰፈር እየወጡ ሲሠሩ ኖረዋል። ይህ ለእናንተ በር ይከፍታል። ግን ሰውም መጠይቅ የያዘ ተማሪ ማየት ለምዷል፤ ገና ስታንኳኩ «ስንት ልጅ አለሽ ልትሉኝ ነው?» የምትል እናት ታገኛላችሁ። ስቃችሁ እለፉት፤ መጠይቅ ግን ይዛችሁ አትግቡ።

ደረጃ 1፦ ጉዳዩን በጣት እስኪጠቆም ድረስ አጥብቡት

«ሰላም» የውይይት ርዕስ አይደለም። «አብሮነት»ም አይደለም። ሰው እነዚህን ሲሰማ አንገቱን ይነቀንቃል፣ ያጨበጭባል፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ቆማችሁ በጣታችሁ ልትጠቁሙት የምትችሉት ነገር ፈልጉ። የተደፈነ ቦይ፣ የውሃ ቦኖ ወረፋ፣ ሁለት የወጣት ቡድኖች የሚጣሉበት ሜዳ፣ ለሁለት የተከፈለ እድር፣ ወደ አዌቱ ወንዝ የሚጣል ቆሻሻ።

መፈተኛው ቀላል ነው። ጉዳዩን ለባጃጅ ሹፌር በአንድ አረፍተ ነገር ንገሩት። «እ... ምን ማለት ነው?» ካለ ገና አልጠበበም። «ኧረ እሱማ ስንት ዓመቱ!» ካለ አግኝታችሁታል።

ለውይይት የማይሆነውንም ከአሁኑ ለዩ።

- አስገድዶ መድፈር፣ ጠለፋ፣ በልጅ ላይ የደረሰ ጥቃት። ይህ የፖሊስና የዐቃቤ ሕግ ነው። «በሽምግልና እንጨርሰው» የሚል ድምፅ ከየትም ቢመጣ አትተባበሩ። ተጎጂዋን ወደ ሕክምናና ወደ ነጻ የሕግ ድጋፍ ምሯት፤ ብዙ የሕግ ትምህርት ቤቶች ይህን አገልግሎት ይሰጣሉ።
- ደም የፈሰሰበት ጉዳይ። የኦሮሞ ሽማግሌዎች ለዚህ ጉማ የሚባል የራሳቸው ሥርዓት አላቸው፤ ወንጀሉን ደግሞ ሕግ ይዞታል። እናንተ መሐል አትግቡ።
- ፍርድ ቤት የቆመ ክርክር። ተከራካሪዎቹ የምትናገሩትን ሁሉ ለማስረጃ ይፈልጉታል።

ድብድብ ስለሌለ ብቻ ጉዳይ የለም አትበሉ። የሰላም ጥናት ምሁሩ ዮሐን ጋልቱንግ አሉታዊ ሰላም (ድብድብ አለመኖሩ ብቻ) እና አዎንታዊ ሰላም (መልካም ግንኙነትና ፍትሕ መኖሩ) ብሎ የለየው፣ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ለፈተና የሚሸመድደው ነገር፣ ሰፈር ውስጥ ሲታይ እንዲህ ነው፦ ማንም ማንንም አይመታም፤ ግን ሁለት ጎረቤታሞች ሰባት ዓመት ቡና ተጣጥተው አያውቁም።

ደረጃ 2፦ ደብዳቤ

1. ከማዕከሉ የድጋፍ ደብዳቤ አጽፉ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ በአፋን ኦሮሞ ይሁን፤ የአማርኛ ቅጂም ያዙ።
2. መጀመሪያ ወደ ከተማ አስተዳደር፣ ከዚያ ወደ ቀበሌ። ቀበሌውን ዘላችሁ ሰፈር አትግቡ። የቀበሌ አስተዳዳሪው ከሌላ ሰው ከሰማ ሥራችሁ ገና ሳይጀመር አለቀ።
3. ገቢ ተደርጎ ማኅተም የተመታበትን ቅጂ ሁሌም ቦርሳችሁ ውስጥ ይኑር።
4. ደብዳቤው ላይ «ፕሮጀክት» የሚል ቃል አትጻፉ። ፕሮጀክት ማለት ብር ማለት ነው። «የውይይት ሥራ» በሉት።

ከውይይቱ መረጃ ሰብስባችሁ ጥናት የምትጽፉ ከሆነ የዩኒቨርሲቲውን የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ መጀመሪያ አግኙ። ሰዎቹንም ንገሯቸው። «ለውይይት ነው የመጣነው» ብሎ በጎን ለመመረቂያ ጽሑፍ መረጃ መልቀም ማታለል ነው። ሌላ ስም የለውም።

ደብዳቤው ከተጓተተ? በየሁለት ቀኑ በአካል ሂዱ። ስልክ አይበቃም። ማን ጋ እንደደረሰ ጠይቁ፣ የክፍሉን ስም ጻፉ፣ አመስግናችሁ ውጡ።

ደረጃ 3፦ ዙሩ፣ ስሙ (ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት)

ሰው የሚዘልለው ይህን ደረጃ ነው። የሚወድቀውም እዚህ ነው።

ሁለት ሁለት ሆናችሁ ውጡ፤ አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴት። ከ15 እስከ 20 ሰው አነጋግሩ። አዳራሽ ውስጥ የሚናገሩትን ብቻ አይደለም፤ አዳራሽ የማይመጡትንም። የእድር ዳኛ፣ የእድር ጸሐፊ፣ ጥሩምባ ነፊ (ማን ለማን ቀብር እንደቀረ እሱ ያውቃል)፣ ኢማም፣ ቄስ፣ ፓስተር፣ ጉሊት ላይ የተቀመጡ እናቶች፣ የባጃጅ ተራ ልጆች፣ ጫት መሸጫው ጋ የሚውሉ ወጣቶች። የሰላም ግንባታ ምሁሩ ጆን ፖል ሌደራክ የሰላም ሠሪዎችን በሦስት እርከን እንደ ፒራሚድ (ከላይ ዋና መሪዎች፣ ከታች ተራው ሕዝብ) ሲስላቸው መካከለኛውን እርከን አጥብቆ የያዘው በምክንያት ነው፦ እነዚህ ሰዎች ወደ ላይም ወደ ታችም ይደመጣሉ። ሰፈር ውስጥ የእድር ዳኛ ማለት ያ ነው።

አጠራር ላይ ተጠንቀቁ። በጅማ ብዙ አዛውንት «አባ» በሚል መጠሪያ ይታወቃሉ፤ ሌሎቹን «ኦቦ»፣ «አዴ»፣ «ጋሼ»፣ «እማማ» ትላላችሁ። የትኛውን እንደሚወዱ ጎረቤት ጠይቃችሁ ግቡ። አንድ ባልደረባዬ አንድን ትልቅ ሰው በባዶ ስማቸው ጠርቶ ቡናው ሳይፈላ ተሸኝቷል።

የምትጠይቁት ይህን ነው፦

- «ይህ ነገር መቼ ጀመረ?»
- «ከዚያ በፊት እንዴት ነበራችሁ?»
- «ማን ቢናገር ሰው ይሰማል?»
- «አሁንም አብራችሁ የምታደርጉት ነገር አለ?»

የመጨረሻው ጥያቄ ወርቅ ነው። ከቤት ስትወጡ (እቤት ውስጥ ደብተር አታውጡ፣ እባካችሁ) ቁጭ በሉና አንድ ገጽ ለሁለት ክፈሉ። በግራ የሚለያየውን፣ በቀኝ የሚያገናኘውን ጻፉ። ተመራማሪዋ ሜሪ አንደርሰን «አታባብስ» (Do No Harm) በሚለው አሠራሯ ያስተማረችው ይህንኑ ነው። የምታደርጉት እያንዳንዱ ነገር ከሁለቱ አንዱን ያጠናክራል። አንድ ወገን ብቻ የሚጠቀምበት ሱቅ ሄዳችሁ ለስላሳ ብትገዙ እንኳ ሰው ያያል።

አሁን አንድ ነገር ላሳያችሁ። አንድ ሰፈር ውስጥ ከላይና ከታች ያሉ ነዋሪዎች በጎርፍ ቦይ ተጣሉ። የላይኞቹ ቆሻሻ ይጥላሉ፣ ታችኞቹ ቤት ውሃ ይገባል። እኛም ቦይ፣ ቦይ ስንል ሁለት ሳምንት ዞርን። ቦዩን ለካን፤ ፎቶ አነሳን። አንድ ከሰዓት አንዲት እናት ቡና እየቆሉ ነበር። ምጣዱን ወዘወዝ አድርገው ጭሱን በእጃቸው ወደ እኛ እየገፉ፣ ቀና ሳይሉ፣ «ልጆቼ፣ ቦዩ አይደለም እኮ። ድንኳኑ ነው» አሉ። ነገሩ ሲጣራ ከሦስት ዓመት በፊት ታች ሰፈር ሰው ሲሞት የላይኛው እድር ድንኳን አላበደረም። ለቀስተኛው ዝናብ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ታችኞቹ ቦዩን አይጠርጉም፤ ላይኞቹም «ካልጠረጉ እኛስ ምን አገባን» ብለው ይጥላሉ።

ይህን ሳናውቅ አዳራሽ ብንገባ ስለ ቆሻሻ አያያዝ ልናስተምር ነበር።

ሰው ካልተናገረስ? መጀመሪያ ቀን ማንም አይናገርም። ሁለተኛ ሂዱ። ሦስተኛ ስትሄዱ ቡና ይፈላል። ቡና ከተፈላ ደግሞ እስከ በረካ ቁጭ በሉ፤ በአቦል ተነስቶ መሄድ ነውርም ነው ኪሳራም ነው። ወሬው የሚመጣው ቶና ላይ ነው።

ደረጃ 4፦ አወያይና ተርጓሚ

አወያዩ ከሁለቱም ወገን ያልሆነ፣ ዝም ማለት የሚችል ሰው ይሁን። መምህራን እዚህ ላይ እንቸገራለን። ሰሌዳና ማርከር ካየን ማስተማር እንጀምራለን። ከቡድናችሁ ረጅሙን ንግግር የሚያደርገውን ሰው ቡና አቅርቦት ላይ መድቡት፤ ቀልዴን አይደለም።

ቋንቋ። ጅማ ውስጥ ሰው አፋን ኦሮሞና አማርኛ እየቀላቀለ ያወራል፤ የዳውሮ፣ የከፋ፣ የየም ቋንቋ ተናጋሪ የሆነ ቤተሰብም ብዙ ነው። «ሁሉም አማርኛ ይችላል» ብላችሁ አትለፉ። ገበያ ላይ መደራደር መቻልና ቁስልን መናገር መቻል ለየቅል ነው። ሰው ሲናደድም ሲያለቅስም በእናቱ ቋንቋ ነው።

ለተርጓሚው ሦስት ትእዛዝ ስጡት፦

1. በአንደኛ መደብ ተናገር። «እሳቸው ተናድጃለሁ አሉ» አይባልም። «ተናድጃለሁ» በል።
2. አታሳጥር፣ አታሳምር።
3. ስድብ ከመጣ ዝም ብለህ አወያዩን እይ።

ሦስተኛውን የተማርኩት በውድቀት ነው። ልጁ ታማኝ ነበርና ስድቡን ቃል በቃል፣ እንዲያውም ከድምፁ ጋር ተረጎመው። አዳራሹ ተነሳ። አሁን ስድብ ሲመጣ አወያዩ ተናጋሪውን «ይህ በሌላ አነጋገር ምን ማለት ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ የሚተረጎመው ሁለተኛው አነጋገር ነው። ይህ ደንብ መሆኑ ከመጀመሪያው ይነገር። አለበለዚያ ተርጓሚው ደበቀ ተብሎ ሌላ ጠብ ይወጣል።

ከዋናው ቀን በፊት አንድ ከሰዓት ግቢ ውስጥ ተለማመዱ። ግማሻችሁ ተጣይ ሁኑ።

ደረጃ 5፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ

ቀን። ሐሙስ ገበያ ነው፤ እርሱት። ዓርብ ጁምአ ነው። እሁድ ቤተ ክርስቲያንም አለ፣ የብዙ እድሮች ስብሰባም አለ። የሚቀራችሁ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ ወይም ቅዳሜ ጠዋት ነው። ረመዳንንና የጾም ወቅቶችን ቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት አድርጉ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ በከተማው ዙሪያ ቡና ለቀማ ነው፤ የገጠር ቀበሌ ከሆነ ሰው አታገኙም።

ሰዓት። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ተኩል። ልጅ ትምህርት ቤት ሄዷል፣ ምሳ ገና ነው። ከሰዓት ካደረጋችሁት ጅማ ነውና ዝናቡ ይቀድማችኋል።

ቦታ። የቀበሌ አዳራሽ አይሁን፤ ሰው እዚያ ሲገባ ስብሰባ እንደተጠራ ሰው መናገር ይጀምራል። የአንድ ወገን መስጊድ ወይም ቤተ ክርስቲያን ግቢም አይሁን። ትምህርት ቤት ጥሩ ነው። ሁለቱም ወገን የሚከፍልበት የእድር ቤት ካለ የተሻለ ነው። የዛፍ ጥላም ይሆናል።

ቁጥር። ከ18 እስከ 24 ሰው። ከዚያ ከበለጠ ንግግር እንጂ ውይይት የለም። ግማሹ ሴት ይሁን። «ሴቶች እንዲመጡ እናበረታታለን» ብላችሁ አትተዉት፤ ስም ዝርዝር ያዙና እያንዳንዷን ቤቷ ሄዳችሁ ጥሩ።

ግብዣው ሁለት ጊዜ ነው። አንዴ ከሳምንት በፊት በአካል፣ አንዴ ዋዜማው ላይ በስልክ።

ደረጃ 6፦ አበል

እንነጋገርበት፤ ሁሉም ያንሾካሹካል፣ ማንም አይጽፈውም።

በአንዱ ሥራዬ ላይ ፖስታ አዘጋጅተን ሄድን። ውይይቱ ደህና እየሄደ ነበር። 5 ሰዓት ላይ አንድ ሰው የፖስታውን ቦርሳ አየ። ከዚያ በኋላ የሰማኝ የለም። ሰው ልጁን፣ እህቱን ስልክ ደውሎ ጠራ፤ በር ላይ ሠላሳ ሰው ተሰበሰበ፣ ፖስታው ሃያ ሁለት ነበር። የመጣነው ሁለት ሰፈር ልናስታርቅ፣ የሄድነው ሦስተኛ ጠብ ተክለን።

ደንቡ ይህ ይሁን፦

- በመጀመሪያው ጉብኝት በግልጽ ተናገሩ፦ «አበል የለም። ቡናና ዳቦ አለ። ከሩቅ ለሚመጣ የባጃጅ ሒሳብ እንሸፍናለን።»
- ይህን ሰምቶ የሚቀር ሰው ይቅር። አትለማመጡ።
- የትራንስፖርት ብር ከሩቅ ለመጣ ሁሉ እኩል፣ በፊርማ፣ ሲመጡ እንጂ ሲሄዱ አይሰጥ።
- ለቀበሌ ሠራተኛ ለብቻ፣ በጓሮ ምንም አትስጡ። ይሰማል።
- «ወደፊት ድጋፍ ይመጣል» አትበሉ። ላም አለኝ በሰማይ ከሚሆን ዝም ማለት ይሻላል።

ደረጃ 7፦ የውይይቱ ጠዋት

2 ሰዓት ከሩብ፦ ድረሱ። አግዳሚ ወንበሮቹን ክብ አድርጉ። የፊት ረድፍ አይኑር። ባነር አይሰቀል። ጀበናው ክፍሉ ውስጥ፣ ሁሉም የሚያየው ጥግ ላይ ይጣድ።

2 ሰዓት ከ45፦ ሰው ሲገባ አንድ ሰው በር ላይ ቆሞ ያስቀምጥ። ካልሆነ ወንዶች ከውስጥ፣ ሴቶች በር ጋ፣ ላይኞች በአንድ ወገን፣ ታችኞች በሌላ ይሆናል።

3 ሰዓት፦ ምርቃት። ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ሽማግሌ፣ አጭር። ከዋዜማው ንገሯቸው። እንግዳ ተናጋሪ፣ የክብር እንግዳ፣ የመክፈቻ ንግግር የለም።

3 ሰዓት ከ10፦ ደንብ። አራት ይበቃል፦ አንድ ሰው ይናገራል፣ ስልክ ድምፁ ይጠፋል፣ ፎቶ የለም፣ እዚህ የተባለ በስም ውጭ አይወራም። እናንተ አታንብቡ፤ «ምን ደንብ ይኑረን?» ብላችሁ ከእነሱ አውጡት። የጎደለ ካለ ጨምሩ።

3 ሰዓት ከ20፦ ዙር። እያንዳንዱ ሰው ሁለት ደቂቃ። ጥያቄው «ምን ይደረግ?» አይደለም። «ይህ ነገር ቤታችሁ ውስጥ ምን አደረገ?» ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ክርክር ያመጣል፣ ሁለተኛው ታሪክ። ዙሩ ከሽማግሌ አይጀምር፤ ከእሳቸው በኋላ ወጣቱ የራሱን አይናገርም። ከወጣቶች ጀምሩና ሽማግሌዎቹ እንዲደመድሙ አድርጉ፤ ክብራቸውም ይጠበቃል።

4 ሰዓት ከ10፦ አቦል። ሃያ ደቂቃ እረፍት። ዝም ብላችሁ ማን ለማን ስኒ እንደሚያቀብል እዩ።

4 ሰዓት ተኩል፦ በአራት ትንንሽ ቡድን። ሁለቱም ወገን በእያንዳንዱ ቡድን ይኑር፤ የሴቶች ለብቻ የሆነ አንድ ቡድን ቢኖር ጥሩ ነው። ጥያቄው፦ «በአንድ ወር ውስጥ፣ ብር ሳናወጣ፣ አብረን ልንሠራው የምንችለው አንድ ነገር ምንድን ነው?» ማንበብ የማይችል ሰው ስለሚኖር ወረቀት ላይ ሥዕል ሳሉ።

5 ሰዓት፦ ከአራቱ ሐሳብ አንዱን ወይም ሁለቱን ምረጡ። እጅ አታስወጡ፤ የተሸነፈ ወገን ይፈጠራል። እስኪስማሙ ይነጋገሩ።

5 ሰዓት ከ25፦ ማን፣ ምን፣ መቼ። ምርቃት። ጨረሳችሁ።

ደረጃ 8፦ ሲበላሽ

ሁለት ሰው ከተነሳና ከተጯጯኸ። እናንተ አትጩኹ። አወያዩ ይነሳ፣ ወደ መሐል ይግባ፣ ዝም ይበል። ካልቆመ «ቡናው ደርሷል» በሉና አቋርጡ። በእረፍቱ ሁለቱን ለየብቻ ወደ ውጭ አውጡ፤ ከሽማግሌ ጋር እንጂ ከተማሪ ጋር አይደለም።

ባለሥልጣን ሳይጠራ ከመጣ። ይመጣል። ክቡ ውስጥ ወንበር ስጡት፣ አመስግኑት፣ ዙሩ ሲደርሰው እንደማንኛውም ሰው ሁለት ደቂቃ እንዲናገር ንገሩት። ንግግር ከጀመረ ሰዓት የያዘው ሰው እጁን ያነሳል፤ ለሁሉም ያደረገውን ለእሱም ያድርግ።

አንድ ሰው የአገሩን ፖለቲካ ካመጣ። አትገሥጹት፤ ፍርሃቱ እውነት ነው። «ይህ እዚህ ሰፈራችን ውስጥ የሚታየው በምን ነው?» ብላችሁ መልሱት። ወደ ቦዩ ይመለሳል። ካልተመለሰ ጉዳዩን ጽፋችሁ «ይህ ለዛሬ አይሆንም» በሉ።

ማንም ካልተናገረ። ጥያቄውን አትድገሙት። ከጎናቸው ካለ ሰው ጋር ሦስት ደቂቃ እንዲያወሩ ንገሯቸው፣ ከዚያ ተመለሱ።

ሰው ካለቀሰ። ጊዜ ስጡ። ውሃ ስጡ። ዝምታውን በምክር አትሙሉት።

ዝናብ ከወረደ። የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የጅማ ዝናብ ሲመጣ አጠገብህ ያለውም አይሰማህም። እጅ በማውለብለብ ለመቀጠል አትሞክሩ። አቁሙ፣ ቡና ጠጡ፣ ቆሎ አዙሩ። አንድ ጊዜ አርባ ደቂቃ እንዲህ ተቀመጥን። ያኔ ነው ሁለት የማይነጋገሩ ሰዎች፣ አንዱ በሌላው ጆሮ እየጮኸ፣ ስለ ቤታቸው ጣሪያ ሲያወሩ ያየሁት። ከፕሮግራሙ ውስጥ እንዲህ የሠራ አልነበረም።

ነገሩ ወደ ድብድብ ካመራ። አቁሙ፣ ሰውን በየተራ አስወጡ፣ የሽማግሌዎቹ ሰዓት እንዲሆን ልቀቁላቸው። የቀበሌው ሰላምና ጸጥታ ስልክ ከጠዋቱ ጀምሮ ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር። በዚያ ቀን ለመጨረስ አትሞክሩ።

ደረጃ 9፦ ስምምነቱን መጻፍ

አንድ ገጽ። የእድር ጸሐፊው ይጻፈው እንጂ እናንተ አትጻፉት፤ የእሱ ቃለ ጉባኤ ሰፈሩ ውስጥ ክብደት አለው። በሁለቱም ቋንቋ ይሁን፣ ጮክ ተብሎ ይነበብ፣ ፊርማ ወይም የጣት አሻራ ይደረግ። ሦስት ቅጂ፦ ለሁለቱ ወገን አንድ አንድ፣ ለማዕከሉ አንድ።

መጀመሪያ የሚሠራው ነገር ትንሽ ይሁን። በዚያ ባልኳችሁ ሰፈር የተስማሙት በሁለት ነገር ብቻ ነበር፦ ቅዳሜ ጠዋት ከየሰፈሩ ስድስት ስድስት ሰው አካፋ ይዞ ቦዩን ይጠርጋል፤ ድንኳኑም ከዚያ ቀን ጀምሮ ለማንኛውም ለቅሶ ይወጣል። «ኮሚቴ ይቋቋማል» የሚል ከመጣ አስቁሙት። ኮሚቴ የሚቋቋመው ሥራው እንዳይሠራ ነው፤ ቢያንስ የእኔ ልምድ ይህን ይላል።

ደረጃ 10፦ ፎቶና ማስታወሻ

በውይይቱ ላይ ፎቶ አታንሱ። ለሪፖርት ካስፈለገ ባዶውን ክፍል፣ ጀበናውን፣ የተጠረገውን ቦይ አንሱ። ፊት ካስፈለገ እያንዳንዱን ሰው ጠይቁ፤ የት እንደሚወጣም ንገሩት። ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ የወጣ ፎቶ ስር የሚጻፈውን አስተያየት እናንተ አትቆጣጠሩትም። ፎቶው ያለበት ሰው ግን እዚያው ሰፈር ነው የሚያድረው።

ማስታወሻችሁ ላይ ስም አይኑር፤ «ላይ 1»፣ «ታች 4» በሉ። የስም ዝርዝሩ ለብቻ፣ ቁልፍ ባለው መሳቢያ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ያለ ፈቃድ የሰው ብሔርና ሃይማኖት የተጻፈበት ወረቀት ይዞ መዞር ቀልድ አይደለም።

ደረጃ 11፦ መመለስ

ሦስት ጊዜ። ቀኑን ከአሁኑ ደብተር ላይ ጻፉ።

በአሥረኛው ቀን። ሁለት ሰው ይሂድ። ቦዩ ተጠርጓል? ካልተጠረገ አትውቀሱ። «ምን ያዛችሁ?» በሉ። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ቀላል ነው፦ አካፋ አልተገኘም፣ ለቅሶ ነበር፣ አስተባባሪው ታመመ። አዲስ ቀን ያዙና እናንተም አካፋ ይዛችሁ ሂዱ። ነጭ ጋውን ለብሶ ዳር መቆም የለም።

በስድስተኛው ሳምንት። መጀመሪያ ያነጋገራችኋቸውን ሰዎች ቤት ዙሩ። በተለይ ወደ ውይይቱ ያልመጡትን። ስምምነቱን የሚያፈርሰው ብዙ ጊዜ ያልተጠራ ሰው ነው። ቅር ያለው ካለ ከሁለቱ ሽማግሌዎች ጋር አገናኙት።

በሦስተኛው ወር። መጠይቅ አትያዙ። ዓይናችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ድንኳኑ የት እንዳለ ጠይቁ። ባለፈው ለቅሶ ላይ ከላይ ሰፈር ማን እንደመጣ ጥሩምባ ነፊውን ጠይቁት። የታች ልጆች የላይኛው ሱቅ ይላካሉ? ሪፖርታችሁ ላይ «85 ተሳታፊ» ከሚለው ይልቅ እነዚህን ጻፉ።

ሴሚስተር ሲያልቅ ደግሞ ርክክብ አለ። የሚሄደው ተማሪ የሚመጣውን ይዞ፣ በአካል፣ ቢያንስ አምስት ቤት ይግባ። አንድ የርክክብ ደብተር ይኑር፦ ማን ምን ተብሎ ይጠራል፣ ማን ከማን ጎን አይቀመጥም፣ ማን ጾም ላይ ነው፣ የትኛው ውሻ ይናከሳል። እማማ ቡና ሲቆሉ የሚቀመጡበት ሰዓትም ይጻፍ፤ ብዙውን ጊዜ ከቀኑ 9 ሰዓት ግድም ነው።